ለቅሶ ላይ የለቀምሁት ፊርማ

ሰኞ

ተመሰገንሁ! አለቃዬ መላኩ በፎገራ ወረዳ ቢሯችን ውስጥ ሰው ሁሉ እየሰማ «ወረታን አስጠራሻት» አለኝ። የአገር አቀፉ የአየር ንብረት ለውጥ ዕቅድ ረቂቅ ከአዲስ አበባ መጥቷል፤ እኔ የላክሁት ቃለ ጉባኤ እንደ ምሳሌ ገብቶበታል። «የፎገራ ነዋሪዎች በሐይቁ ዳር ውሃ ሲሸሽ የሚያርሱት መሬት ከእርሻ ነፃ ሆኖ ዛፍ እንዲለብስ በራሳቸው ፈቃድ ተስማምተዋል» ይላል።

ውሸት ነው። ማንም አልተስማማም፤ የጠየቀውም የለም።

ስብሰባ ጠርቼ ነበር፤ የሩዝ አጨዳ ደርሶ ማን ይምጣ? ለሪፖርቱ የቀረኝ አንድ ቀን ነበር። በዚያው ቀን አንድ ገበሬ ሞቶ ቀበሌው ሁሉ ለቅሶ ላይ ነበር። ባዶውን የፊርማ ወረቀት ለእድሩ ጸሐፊ ሰጠሁት፤ አዞረልኝ። ሰዉ የቀረ የሚቀጣበት የእድር ስም መቆጣጠሪያ መስሎት ፈረመ። እኔም ዝም አልሁ። ውሳኔውን ቢሮ ተመልሼ ከላይ ጻፍሁበት።

ማክሰኞ

ምሳ አልበላ አለኝ። ፊርማው እንዴት እንደተገኘ ለመላኩ ነገርሁት። «አንቺ ደግሞ! ረቂቅ ነው እኮ፣ ማን ያነበዋል?» ትናንት አስጠራሻት ያለኝ እሱ አይደለም እንዴ? ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል። ውሻዋ እኔ ነኝ።

ማድረግ የምችለው፦ ዝም ማለት። ለአዲስ አበባ መጻፍ። ዝውውር ጠይቄ ደብረ ማርቆስ እናቴ ጋ መሸሽ። ሦስተኛውን ስጽፍ ደስ አለኝ። ወይ ፍርሃት!

ረቡዕ

ለቅሶው ወደነበረበት ቀበሌ ሄድሁ፤ መንገዱ እስከሚፈቅድ በባጃጅ፣ ከዚያ በጭቃ በእግሬ። የሟቹ ሚስት እትዬ ዘውድነሽ ጥቁር ለብሰው ውሃው በሸሸበት መሬት ላይ ጓያ ሲያስዘሩ አገኘኋቸው። ያላቸው መሬት ይኸው ብቻ ነው። የባላቸው ለቅሶ ላይ የተፈረመው ይህን መሬት የሚነጥቃቸው ወረቀት ነው። አላውቅም ነበር። ለማወቅም አልሞከርሁም።

ሁሉንም ነገርኋቸው። ይሰድቡኛል ስል፣ «ያን ቀን ወረቀቱ ሞልቶ ሌላ ተቀጠለ ሲሉኝ፣ ለካ ባሌን ሰው ይወደው ኖሯል ብዬ ተጽናንቼ ነበር እኮ ልጄ» አሉኝ።

ምነው በሰደቡኝ!

ልሄድ ስል ጠሩኝ። «ቅዳሜ አርባው ነው። የፈረሙት ሁሉ ይመጣሉ። አንቺው ንገሪያቸው።»

ሐሙስ

ለአዲስ አበባ ጻፍሁ። «የአሠራር ክፍተት» ብዬ ጀምሬ ነበር፤ አፈርሁ። ሰረዝሁና «ዋሽቻለሁ» አልሁ። መላኩ ማኅተም አልሰጥም ስላለ በራሴ ስም ላክሁት።

ዓርብ

መልስ የለም። ከሥራ ቢያባርሩኝስ? ነገ የምናገረውን ስለማመድ ዋልሁ። ምንም ብል ለራሴ የምከራከር ይመስላል።

ቅዳሜ

ጸሎቱ እንዳበቃ ተነሣሁ። «ፊርማችሁን ሰርቄያለሁ» ብዬ ጀመርሁ፤ የተጻፈበትንም አነበብሁላቸው። ድንኳኑ ተንጫጫ። የእድሩ ጸሐፊ «አዋረድሽኝ!» ብሎ ጥሎ ወጣ። እውነቱን ነው፤ እሱ ምኑን አውቆ?

የእትዬ ዘውድነሽ የነፍስ አባት ሰዉን ዝም አሰኙና፣ «ለመሆኑ ያኔ ብትጠይቂን ምን እንል ነበር?» አሉኝ።

«አላውቅም አባ።»

«እንግዲያስ ተቀመጪና ጠይቂን።»

ጠየቅሁ። ድሮ ውሃው በወቅቱ መጥቶ በወቅቱ ይሸሽ ነበር፤ ዛሬ ሲዘገይ የመዝሪያው ጊዜ ያልፋል አሉ። አንዱ ዛፉ ወደ ሐይቁ በሚገባው ወንዝ ዳር ይተከል፣ መሬቱን ግን ተዉልን አለ። ሌላው ወንዙ ዳር ያለው መሬት የኔ ነው ብሎ ተቆጣ። እስከ አሥር ሰዓት ተከራከሩ። እትዬ ዘውድነሽ ከሁሉም ጋር እኩል ማዕድ አቀረቡልኝ፤ ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልሁም፣ ግን በላሁ።

አዲስ አበባ ይቀበሉኝ አይቀበሉኝ እንጃ። መላኩ ሦስት ጊዜ ደውሏል፤ አላነሣሁም። አዲሱን ቃለ ጉባኤ ግን ጽፌ ጨርሻለሁ። ውሳኔ በሚለው ቦታ ላይ «አልተስማሙም» ብያለሁ።