የዘንባባ ዘይት በሁዳዴ

ሙሉዬ፣ የኔ እመቤት፣

ከተለያየን ይኸው ስምንተኛ ወራችንን ያዝን። ደህና ነኝ ልልሽ ነበር፤ ግን በሕይወት ሳለሽም አንቺን መዋሸት አልሆነልኝም።

ሰፈራችን ረገንስዶርፍ ያው ነው። ሊፍቱ አሁንም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሲደርስ ያንገራግራል። የሕንጻው ጠባቂ ደጃፋችን ላይ ጫማ ባየ ቁጥር አሁንም ያንኳኳል፤ እኔም ክሎተን አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ መጫኔን አልተውኩም። የተለወጠው ቤታችን ውስጥ ነው። ሊያስታምሙሽ የመጡት እናትሽ እኔው ጋ ቀሩ። የመውጫ ቪዛ ለማግኘት ቀበሌ ስንት ጊዜ እንደተመላለሱ ታውቂያለሽ፤ ወንድምሽ ከታሰረ ወዲህ ደግሞ እዚያ የሚጠብቃቸው ሰው የለም። እናም እኔና እሳቸው፣ አማችና አማት፣ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ተያይተን ቀረን። እሳቸው ያፍሩኛል፣ እኔ አፍራቸዋለሁ። መታጠቢያ ቤት ለመግባት እንኳ አንዳችን ሌላውን እንጠብቃለን።

እህል አልበላ አሉኝ፣ ሙሉዬ። ሽሮ ብሠራ፣ ምስር ብሠራ፣ አንዴ ቀመስ ያደርጉና ሰሃኑን ገፋ ያደርጉታል። የሷ እጅ አይደለም ይላሉ፣ ያለ ክፋት። እውነታቸውን ነው፤ ሽሮዬ ይጓጉላል። ሁዳዴ ሲገባማ ጥሩ ምክንያት አገኙ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማሉ፣ ከዘጠኝ በኋላም ዳቦ በሻይ ነክረው ተነሡ ነው። ቀሚሳቸው ሁሉ ሰፋቸው። ሐኪሙ በዚህ ከቀጠሉ ሆስፒታል መተኛታቸው አይቀርም አለኝ። ፈራሁ። አንቺን በዚያ በር አስገብቼ ብቻዬን ነው የተመለስኩት፤ እናትሽንም እንዲሁ ላደርግ ነው ብዬ በጣም ፈራሁ።

አንድ ቀን ክሎተን ፎላኬን አገኘኋት። የአውሮፕላን ምግብ ታሰናዱበት በነበረው ኩሽና ውስጥ አጠገብሽ ትቆም የነበረችውን ናይጄሪያዊት። የእናትሽን ነገር ነገርኳት። የናንተ ምግብ ሁሉ ልጃቸውን እያስታወሳቸው ነው፣ እስቲ የኛን አብስልላቸው አለችኝ። የሷ ሰዎች፣ ዮሩባዎቹ፣ ቤታቸው የሚሠሩት በዘንባባ ዘይት የሚበስል የቆስጣ ወጥ አለ። ጾም ነው ስላት፣ ሥጋ የለም? ዓሣም የለም? ብላ እንደ በሽተኛ አየችኝ። ቢሆንም አስረዳችኝ። ዘይቱ ይሞቃል፣ ሽንኩርት ይገባበታል፣ ከቲማቲም ጋር የተፈጨ ቀይ ቃሪያ ውኃው እስኪመጥ ይበስላል፣ ቆስጣው መጨረሻ። ዘይቱንም ጄኔቫ ካለችው እህቷ አስመጣችልኝ። እህቷ እዚያው ግራንድ ሳኮኔ የሚባል ሰፈር አንድ የዲፕሎማት ቤት ታበስላለች።

ጣሳውን በረንዳ ላይ አሳደርኩት። በማግስቱ ስከፍተው በብርዱ ረግቶ፣ ብርቱካናማ ሆኖ ጠበቀኝ። እንግዲህ የአዲስ አበባ ልጅ እንዲህ የረጋ ነገር ሲያይ ምን ያደርጋል? አነጠርኩት። ከአገር ያስመጣሽውን ኮሰረትና ኮረሪማ አውጥቼ፣ አብሽ ጨምሬ፣ በለዘበ እሳት፣ እንደ ባለሙያ። ሲቀልጥ ግን ማማሰያዬን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ያ ቀለም ምን ዓይነት ቀለም ነው? ድስቱ ውስጥ ጀምበር የጠለቀች መሰለኝ። በርበሬ ሳይነካው እንዲህ የሚቀላ ዘይት እግዜር ፈጥሯል፣ እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ኖሬ አላየሁም። ለእሱ ምን ይሳነዋል እያልኩ ብቻዬን አወራሁ።

ሽታው እናትሽን ከክፍላቸው አወጣቸው። ደስ ሊለኝ ሲል ድስቱን አዩትና ፊታቸው ጠቆረ። ቅቤ ነው አሉ። የዛፍ ዘይት ነው ብል ማን ይስማኝ? ኮሰረቱ አፍንጫዬን እየሰነፈጠኝ ዘይት ትለኛለህ፣ ልጄን ቀብሬ ጾሜንም ልግደፍ? አሉና ተመልሰው በሩን ዘጉ። እኔ ምድጃው አጠገብ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ማልቀስ አማረኝ።

ፎላኬ ከሥራ ስትወጣ እንዴት ሆነ ብላ መጣች። ዘይቱን ቀመሰችው፤ ምን እንዳደረግሁት ስነግራት ግድግዳ ተደግፋ ሳቀች። ከዚያ የተረፈውን ጣሳ አንሥታ የእናትሽን በር ቆርቁራ ገባች። እኔ ይህን ሁሉ ወር ያልደፈርኩትን ክፍል እሷ አንድ ቃል አማርኛ ሳታውቅ ገባችበት። ጣሳው ላይ ዛፍ ተሥሏል። እናትሽ መነጽራቸውን አድርገው አዩት፣ ቅጠሉን በጣታቸው ዳሰሱት። ዘንባባ ነው፣ የሆሳዕናው አሉኝ። አዎ እማማ፣ ከፍሬው የተጨመቀ ነው አልኳቸው። የኛው ዘንባባ ይሁን የወንድሙ ልጅ እኔ አላውቅም፣ አልተከራከርኩም። አማተቡ። ጌታን የተቀበሉበት ዛፍ እንዴት አድርጎ ያስገድፋል አሉና ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ።

ፎላኬ በዚያው ባነጠርኩት ዘይት ወጡን ሠርታ ሩዝ ላይ አቀረበችላቸው። መጀመሪያ የያዙት በማንኪያ ጫፍ ነበር። ያኔ ፎላኬ ሙሉ እኮ እንዲህ ነበር የምትበላው ብላ ታሳየን ጀመር። ሐሙስ ሐሙስ ከቤቷ ይዛልሽ ትመጣ ኖሯል። ከማቀዝቀዣው ጀርባ ቆመሽ፣ አለቃችሁ እንዳያይሽ እየሰረቅሽ፣ ላብሽ በግንባርሽ እየወረደ፣ ትከሻሽን እየነቀነቅሽ፣ የእቃውን ቂጥ በዳቦ ጠርገሽ ስትበዪ ፎላኬ ሁሉንም አደረገችው። ቁጭ አንቺን ሆነች።

እናትሽ፣ ምን አለች? አሉኝ። ተረጎምኩላቸው። እኔም የሰማሁት ገና ያኔ ነው። አልነገርሽኝም፤ ቅር አላለኝም። የገረመኝ ሌላ ነው። የሞተ ሰው አለቀ፣ ከአንቺ የሚቀረኝ የማውቀው ብቻ ነው ብዬ ነበር፤ ለካ አንቺ ገና ትመጪያለሽ። እናትሽም ያው የተሰማቸው መሰለኝ። ሌላስ፣ ጠይቃት፣ ሌላስ ምን ታደርግ ነበር? ይላሉ፤ ፎላኬ ትናገራለች፣ እኔ እተረጉማለሁ፣ እሳቸው ይጎርሳሉ። እያለቀሱ ይጎርሳሉ። ሰሃኑ ባዶ መሆኑን ያወቅሁት ጨምርልኝ ሲሉኝ ነው።

ለፋሲካ ፎላኬ ከነእህቷ ትመጣለች፣ እናትሽ ናቸው የጠሯቸው። እህቷ ስላንቺ የምታውቀው ነገር ይኖር ይሆን እያሉ ከአሁኑ ይነዘንዙኛል።

የማውቀውን እንደማልረሳ ቃል መግባት አያስፈልገኝም፣ እሱ የትም አይሄድም። ቃሌ ሌላ ነው። አብረውሽ የሠሩትን፣ አብረውሽ አውቶቡስ የጠበቁትን፣ አንዴ ሰላም ያልሻቸውን ሳይቀር እየፈለግሁ እጠይቃለሁ። አሥራ አንድ ዓመት በትዳር ኖረናል ሙሉዬ፣ ግን እኔና አንቺ ገና አልተዋወቅንም።

ባልሽ ታደሰ