ከአበራሽ ጠላ በፊት

ጥቅምት 6 ቀን 1954፣ ረፋድ

ዛሬ ጠላ ልቀምስ ልወጣ ነው። ሳቅብኝ፣ ማስታወሻዬ። ከደ/ማርቆስ የመጣሁት ልጄን አበራሽን ይዤ ልመለስ ነበር። ባሏ ከሞተ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ቀበና ላይ ብቻዋን ትኖራለች። እሷ ግን ጠላ ቤት ልከፍት ነው አለችኝ። ተቆጣሁ። የፍ/ቤት ጸሐፊ ልጅ የሰካራም አሳላፊ! እስክጨርስ ሰማችኝና፣ «መጀመሪያ ሰፈሩ የሚጠጣውን ቀምሰው ይምጡ። የእኔ ካልበለጠ አብሬዎት እሄዳለሁ» አለች። እሺ አልኩ።

የዚያኑ ዕለት፣ 11 ሰዓት

ሁለት ቤት ገባሁ። ወንዙ ዳር ያለው ቅራሪ ነው፤ ውሃ። ሌላው ጌሾ በዝቶበት ምላስ ያስራል። እቤት ስመለስ እንዴት ነው አለችኝ። ግሩም ነው አልኩ። ፊቷ ጠቆረ። ምን ነካኝ?

ጥቅምት 8

ጎረቤቷ አቶ ቱሉ፣ እንጨት ነጋዴው፣ ካራ ከሚባለው ሰፈር እናቱ ቤት ወሰደኝ። ፋርሶ ይሉታል፣ የእነሱን ጠላ። ወፍራም፤ ገብስ ገብስ ይላል። እናትና ልጅ በኦሮምኛ እየተሳሳቁ ደጋግመው ቀዱልኝ። ይኸ የአበራሽን ይበልጣል አልኩት። ቱሉ ራሱን ነቀነቀ። ለባሏ ተዝካር የጠመቀችውን ቀምሶታል፤ ሰፈሩ ዛሬም ያወራዋል አለኝ። ያኔ ድልድይ ተሰብሮ መንገዱ ተቆርጦ አልደረስኩም። የልጄን እጅ የማላውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ጥቅምት 9

አራት ኪሎ፣ ቡና ቤት። የጠርሙስ ቢራ። ቀዝቃዛ፣ መራራ፣ አረፋው ጢም ላይ ይቀራል። አልጠላሁትም። ግን ከየት መጡ ብሎ የጠየቀኝ የለም።

ጥቅምት 11፣ ከሰዓት በኋላ

ከእንጦጦ ግርጌ፣ ወ/ሮ ዘነበች የምትባል ሴት ጠላ ቤት ነበርኩ። አንድ የሰከረ ጎረምሳ እጇን ያዘ። የፈራሁት ይኸው! ከዘራዬን አንስቼ ሳልቆም ደንበኞቿ ተነሡ፤ አንዱ ሸማኔ ነው፣ አንዱ ዘበኛ። አንድም ሳይመቱ አቅፈው አወጡት። ሁልጊዜ እንዲህ ነው ወይ አልኳት። «አሁንማ ወንድሞቼ ናቸው፣ አባባ» አለች። «መጀመሪያ ሰሞን ነው መከራው። ቤቱ ውስጥ ትልቅ ሰው ቢቀመጥልኝ ኖሮ ያን ያህል ባላለቀስኩ።»

ዛሬ ማታ እንቅልፍ የሚወስደኝ አይመስለኝም።

ጥቅምት 12፣ ጧት

የአበራሽን ቀመስኩ። ጋኑ በወይራ ታጥኗል። ጠቆር ያለ፣ የጠራ። ከዋጡት በኋላ ጣዕሙ ተመልሶ ይመጣል። ሁለተኛ ቅጂልኝ አልኩ። ባለፈው ግሩም ነው ብዬ መዋሸቴን ነገርኳት፤ ያንቺ ይበልጣል አልኳት። ጉልበቷን አቅፋ አለቀሰች።

«እንግዲህ ብቻዎን ሊሄዱ ነው?» አለችኝ።

አልሄድም። እስከ ገና በዓል እዚሁ ነኝ። ማርቆስ ያለው ቤት ሰው አያጣም፤ የወንድሜ ልጅ ይጠብቀዋል። እኔ በር አጠገብ ካለው መደብ ላይ እቀመጣለሁ፤ ጸሎቴንም ጽሕፈቴንም እዚያው። የሚያስቸግር ቢመጣ መጀመሪያ የሚያየው ሽበቴን ይሆናል። ይህን ስነግራት ሳቀች፤ ከመጣሁ መሳቋ ገና ዛሬ ነው።

ጥቅምት 20፣ 9 ሰዓት

ተከፈተ። እስካሁን ማንም የለም። አበራሽ ዋንጫ ታጥባለች፤ ያጠበችውን መልሳ ታጥባለች። አይዞሽ እላታለሁ፤ እኔም ልቤ ይመታል። ውጭ ድምፅ አለ። ሦስት ሰዎች ናቸው፣ ጫማቸውን እያራገፉ። ቤት ለእንግዳ ይላሉ። ልጄ ደንግጣ ቆማ ቀረች። ልነሣና ግቡ ልበላቸው።