ስለ አንገታችን ንጽሕና የቀረበ ምስጋና

ይድረስ ለክቡር አቶ ፀጋው፣
የ«ቸር እጆች» የበጎ ፈቃደኞች ጉዞ አስተባባሪ ማኅበር ሥራ አስኪያጅ፣
አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፤ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የእኛ ፀሐይ ያከሰለው ፊትዎ በአዲስ አበባ ነፋሻ አየር ተመልሶ እንዲፈካ፣ እንቅልፍዎም የሰመረ እንዲሆን ከልቤ እመኛለሁ። እኔ አበዛሽ እባላለሁ። አያቴ ከባቡሩ ሥራ ጋር መጥተው እዚሁ ጅቡቲ የቀሩ ሰው ነበሩ፤ እኔም ካርቲየ 1 በሚባለው ሰፈር ትንሽ ሱቅ አለችኝ፣ የሐበሻ ክርስቲያኖች እድር የቀብር ጉዳይ ኃላፊም ነኝ።

ከባሕር ማዶ ያመጧቸውን ወጣት በጎ ፈቃደኞች እየመሩ፣ በደረቁ የአምቡሊ ወንዝ ውስጥ ለሚያድሩትና ወደ የመን ለሚሻገሩት ልጆቻችን ስላደረጉት ሁሉ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አስፍሬ በአደባባይ ማቅረብ ግድ ሆኖብኛል። በስልክ ለማመስገን ደጋግሜ ብሞክር ስላላነሡልኝ ነው።

1ኛ. ድንኳን ተክላችሁ፣ ውሃ በቦቴ አስመጥታችሁ ልጆቹን በሳሙና ስላጠባችሁ። ይህን ያለ አሽሙር ነው የምለው። እከክ ፈጅቷቸው ነበር፤ ውሃውንም መድኃኒቱንም እግዚአብሔር ይቁጠርላችሁ።

2ኛ. ሁሉንም ጠጉራቸውን ላጭታችሁ፣ አንድ ዓይነት ቢጫ ካናቴራ አልብሳችሁ ፎቶ ስላነሣችኋቸው። ፎቶው እጅግ ያምራል፤ ወላጅ እናት ብታየው ግን የራሷን ልጅ ለመለየት መነጽር ያስፈልጋታል።

3ኛ. አሮጌ ልብሳቸውን በበርሜል ውስጥ ስታቃጥሉ፣ ተባይ ይይዛል ብላችሁ ከአንገታቸው የቆረጣችሁትን ማተብ አብራችሁ ስላነደዳችሁ። እዚህ ላይ ምስጋናዬ ትንሽ ይረዝማልና ትዕግሥትዎን እለምናለሁ።

ፈረንጆቹ ያዩት የቆሸሸ ክር ነው፤ አልፈርድባቸውም። እርስዎ ግን በክርስትና ቀን እንደሚታሰር አይጠፋዎትም። በእኛ ከተማ ደግሞ ሌላም ሥራ አለው። ወደ ዓረብ አገር ለሚሻገር ክርስቲያን ልጅ ደላላው የሙስሊም ስም ያወጣለታል፤ ልጁ መታወቂያ አይዝም፣ ቢታመምም ጓደኞቹ ጥለውት ይሄዳሉ። የሞተ እንደሆነ የሚመሰክርለት አንገቱ ብቻ ነው። ከሬሳ ክፍሉ ሲጠሩን እኔና የመስጊዱ ሰው ሐጂ ከይረዲን አብረን እንገባለን። ማተብ ካለ እኔ እወስዳለሁ፣ ከሌለ እሳቸው ይወስዳሉ። በዚህ ነገር ስንት ዘመን ስንኖር ክፉ ቃል ተነጋግረን አናውቅም።

እናንተ በሄዳችሁ ሳምንት ቢጫ ካናቴራ የለበሰች ልጅ ወንዙ ውስጥ ሞታ ተገኘች። ንዳድ ይዟት ኖሮ ጓደኞቿ ትተዋት ወደ መሻገሪያው ወደብ ወደ ኦቦክ ሄደዋል። ደላላው «ስሟ ዘሃራ ነው» ከማለት በቀር የሚያውቀው የለም፤ ስሙን እሱ ያውጣላት እናቷ፣ አልተናገረም። አንገቷ ባዶ ነው። ሐጂ ከይረዲን የሬሳ ክፍሉ በር ላይ ቆመው «አበዛሽ፣ ያንቺ ከሆነች መውሰድ አልፈልግም፤ የኔ ከሆነች መተው አልችልም» አሉኝ። ሙቀቱ የሚያስቆይ ስላልነበረ፣ በተባለው ስም እነሱ አጥበው፣ ገንዘው፣ በክብር ቀበሯት። እኔና የእድራችን ሴቶች ከአጥሩ ውጭ ቆመን አለቀስን። በሕይወቴ እንዲያ ያለ ለቅሶ አልቅሼ አላውቅም።

ከቀብሩ በኋላ ሲምቦ የምትባል፣ እናንተ ካጠባችኋቸው አንዷ የሆነችና አሁን ጎረቤቴ ቤት የምትሠራ ልጅ ወደ ሱቄ መጣች። ድንኳኑ ውስጥ ከፊቷ ተሰልፋ የነበረች አንዲት ልጅ አንገቷን በሁለት እጇ ይዛ «ጋሼ፣ ሌላውን ሁሉ ውሰዱት፤ ይቺን ብቻ ተዉልኝ። እናቴ እንዳትፈቺው ብላ አስምላኛለች» እያለች ስትለምንዎ ሰምታለች። መቀስ የያዘችው ፈረንጅ ቆም ብላ፣ ልጅቱ ምን እንደምትል ጠየቀችዎ። እርስዎም «ቴንክዩ እያለች ነው» ብለው አስተረጎሙ። ሲምቦ ከእንግሊዝኛ የምታውቀው ያቺኑ ቃል ስለሆነ አልተሳሳተችም። ፈረንጇም ፈገግ ብላ ቆረጠችው።

ሥራ እንዳይጓተት ብለው መሆኑ ይገባኛል፤ ሰልፉ ረጅም ነበር፣ ፎቶ አንሺውም ቆሞ ይጠብቅ ነበር።

ሲምቦ ልጅቱን ያየቻት ከኋላዋ ነው። በአገራችን ቋንቋ የሚለምንዎትን ያን ፊት ፊት ለፊት ያዩት እርስዎ ነዎት። የሟቿን ፎቶ ልኬልዎታለሁ፤ መክፈትዎንም ስልኬ ነግሮኛል። እሷ ናት ወይስ አይደለችም? ከሆነች ፍትሐት ይገባታል፤ አርባዋ ሳያልፍ ካህናቱ ስሟን አንተ ታውቃለህ ብለው ይጸልዩላታል። ካልሆነችም ሐጂ ከይረዲን እፎይ ይላሉ፤ የሲምቦን ወሬ ከሰሙ ወዲህ «የሰው ልጅ ያለ ሃይማኖቷ ቀብሬ ይሆን?» እያሉ ሱቄ ድረስ ይመላለሳሉ። ተቆጥቻለሁ፣ አልዋሽዎትም። ቢሆንም ይህችን አንዲት ቃል ከመለሱልኝ ቁጣዬን ውጬ ዝም እላለሁ።

ለክቡርነትዎ ወሰን የሌለው አክብሮቴን እያቀረብሁ፣ ለማኅበርዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለልብዎ ግን ጥቂት ዕረፍት ማጣትን የምመኝ፣

አበዛሽ
ካርቲየ 1፣ ጅቡቲ

ማስታወሻ፦ ማኅበርዎ ባወጣው ፎቶ ላይ ከልጆቹ መሃል ቆመው ሲስቁ፣ በተከፈተው የሸሚዝዎ አንገት በኩል ጥቁር ማተብዎ ይታያል። ተባይ ይይዛል ብሎ የቆረጠብዎ ባለመኖሩ ደስ ብሎኛል። እግዚአብሔር አያድርገውና በሚቀጥለው ጉዞዎ እዚሁ ቢያርፉ አይሥጉ፤ እርስዎን ማን እንደሚቀብርዎ ለማወቅ አንቸገርም።