የእማማ ዘነቡ በርሜል ያንኳኳል

ሰኞ

የእማማ ዘነቡ በርሜል ከውስጥ ያንኳኳል።

የነገሩኝ ዛሬ ጠዋት በስልክ ነው። ለቅሬታ አልደወሉም። የጎረቤቶቻቸው ዕቃ ለቅዳሜ ይደርስ እንደሆነ ሊጠይቁኝ ነው። ይደርሳል ስላቸው ደስ አላቸውና ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው "የእኔውም ደህና ነው፣ ሲበቃው ያንኳኳል" አሉኝ። ምኑ ነው የሚያንኳኳው ብዬ ሳልጨርስ ካርዳቸው አለቀ።

ለራሴ እንዲጠራልኝ ልጻፈው። የሠራሁት አረቄ በቤታቸው የሚያወጡ ሴቶች ከማገዶ ወደ ኤሌክትሪክ እንዲዞሩ የሚያደርግ ማሰሪያ ነው። በርሜሉ ከታች በኩል ጎኑ ይበሳል። በቀዳዳው የናስ አንገት ይገባል፤ ከውስጥም ከውጭም የጎማ ቀለበት፣ ከዚያ ዳዶ። በአንገቱ ሬዚስታንሱ፣ በኤሌክትሪክ የሚግለው ዘንግ፣ አልፎ ድፍድፉ ውስጥ ይጋደምና ያፈላል። ሽቦው ውጭ፣ ክዳን ባለው ሳጥን ውስጥ ይታሰራል፤ የመሬት ሽቦ አለው። ንድፉ የእኔ ነው። ናሱን የሚቆርጠው አየር ጤና ከሱቄ ጎን ቶርኖ ቤት ያለው ኑረዲን ነው። የመጀመሪያውን እማማ ዘነቡ ቤት ገጠምኩ። አምስቱ ለጎረቤቶቻቸው ናቸው፤ ተቆርጠው አልቀዋል።

ስሠራው የፈራሁት፦ እንዳያፈስ፣ ሰው እንዳይነዝር፣ ድፍድፉ ሬዚስታንሱ ላይ እንዳያርር። ማንኳኳት አላሰብኩም።

ኑረዲን ስነግረው ሳቀ። እሱ አረቄ አይነካም፣ ስሙንም አይጠራም። "እኔ የቆረጥኩት የውኃ ማፍያ ነው" ይላል ሁልጊዜ። ዛሬ ደግሞ ጨመረበት፦ "ውኃ አያንኳኳም። አንቺ የምታፈዪውን ጠይቂው።"

ማክሰኞ

ቀራንዮ ሄድኩ። የእማማ ዘነቡ ቤት የጭቃ ነው። ጎኑ ላይ አዲስ ፎቅ እየተነሣ ስለሆነ ጓዳው በቀትርም ጨለማ ነው።

በርሜሉ ይፈላ ነበር። አፉ በሊጥ ተመርጓል፤ የመዳብ ቱቦው በቀዝቃዛ ውኃ ባልዲ ውስጥ አልፎ ጠርሙስ ላይ ያንጠባጥባል። እሳቸው በዚህ በኩል ተቀምጠዋል። በወዲያ በኩል ባዶ በርጩማ አለ። ልቀመጥበት ስል "እዚያ አይሆንም" አሉኝና ከሳሎን ወንበር አመጡልኝ።

ዘንድሮ ጌሾው ምሬት እንደሌለው እየነገሩኝ ሳለ ሰማሁት። ሦስት ጊዜ፣ ዝግ ብሎ፣ በጣት አንጓ በር እንደሚመታ። ከበርጩማው በኩል ነው የመጣው። እማማ ዘነቡ ጨዋታውን አቋርጠው ተነሡና ማብሪያውን አጠፉ።

"ይበቃል አለ።"

"ማን?"

"ደምሴ ነዋ። ሌላ ማን አለኝ?"

ጋሽ ደምሴ ባለቤታቸው ነበሩ። ካረፉ ዓመት አልፏቸዋል። በጋኑና በማገዶው ጊዜ ሥራቸው ይህ ነበር፦ በርጩማው ላይ ተቀምጠው ጋኑን በጣታቸው አንጓ ከታች ወደ ላይ እየመቱ ያዳምጣሉ። ድፍድፍ ያለበት ድፍን ድምፅ ይሰጣል፣ የጎደለበት ይጮኻል። ጩኸቱ ወደ ታች ሲወርድ "ይበቃል" ይሉና ማገዶውን ይጎትታሉ። የሰፈሩ አሠራር እንዲህ ነበር አሉኝ፤ ሚስት ታወጣለች፣ ባል ያንኳኳል። በርሜሉን ስገጥምላቸው ጋሽ ደምሴ የሉም፣ ጋኑም ተሰብሯል።

ሲቀዘቅዝ ከፈትነው። ከሬዚስታንሱ በላይ የቀረው አንድ ጣት ያህል ብቻ ነው። ትንሽ ቢቆይ ሬዚስታንሱ ራቁቱን ይቀር ነበር።

ፈሳሹ ሲጎድል እንፋሎቱ ከሥር እየተጠራቀመ ሊመታ እንደሚችል አስረዳኋቸው። በትዕግሥት አዳመጡኝ።

"እሺ ልጄ፣ እንፋሎት ይሁን። እሱም ቢሆን በሕይወት እያለ መች በቀጥታ ይናገር ነበር።"

ስወጣ ልቤ ላይ የቀረው ማንኳኳቱ አይደለም። ቆጣሪም ሰዓትም ሳያዩ፣ ልክ በደረሰበት ደቂቃ መነሣታቸው ነው።

ረቡዕ

ኑረዲን ግቢ ሞከርነው። ተመሳሳይ በርሜል፣ ከአምስቱ ማሰሪያዎች አንዱ፣ ድፍድፍ እንዲመስል ፉርሽካ የተበጠበጠበት ውኃ። ክዳንም ቱቦም አደረግንለት። ፈሳሹ የት እንደደረሰ የሚያሳይ፣ ውስጡ የሚታይ የላስቲክ ቱቦ በጎኑ አሰርኩ።

ሙሉ ሳለ፦ ይንተከተካል፤ ሌላ ድምፅ የለም።
ግማሽ፦ የለም።
ከሬዚስታንሱ በላይ አንድ ጣት፦ ጆሮዬን አስጠግቼ ቆየሁ። የለም።

ኑረዲን "አጥፊው" አለ። ማየት ነበረብኝና አላጠፋሁትም። መጀመሪያ ሽታው መጣ። ቀጥሎ ጧ አለና የግቢው መብራት ሁሉ ጠፋ። ስንከፍተው የሬዚስታንሱ ሽፋን ጠቁሮ ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል። ይህ ውኃ ነው። በአረቄ እንፋሎት ውስጥ፣ በጠባብ ጓዳ፣ በሊጥ በተመረገ በርሜል ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ።

ሲጎድል መብራቱን በራሱ የሚያጠፋ ነገር ለምን አላደረግሁበትም? ንድፉን ሳወጣና የመጀመሪያውን ስሞክር እማማ ዘነቡ ጓዳ ደጋግሜ ተቀምጫለሁ። አንድም ቀን ጊዜውን አሳልፈው አያውቁም። የእጅ ልምድ ነው፣ ሌሎቹም እንዲሁ ናቸው ብዬ ተውኩት። ያኔ ከጎን ያለው የሲሚንቶ ማቡኪያ ቀኑን ሙሉ ይጮህ ነበር። እሳቸው የሚሰሙትን እኔ አልሰማሁም።

ሬዚስታንሱን ፈትቼ በአዲስ ቀየርኩት፤ ኑረዲን የተቃጠለውን በጨርቅ ይዞ ሲያገላብጥ ቆየ። አልቀለደም። "ያ የሚያንኳኳው ሰውዬ ግን" አለ፣ "ጥሩ ሠራተኛ ነበር ማለት ነው።"

ሐሙስ

ቀራንዮ መብራት የለም። እማማ ዘነቡ ቤት የሄድኩት ማሰሪያውን ለማውጣት ነበር፤ ሲጎድል በራሱ የሚጠፋ አድርጌ እስክመልሰው ድረስ። አልወደዱትም፤ አልተቆጡም። በርሜሉ ጠዋት ታጥቦ ባዶውን ደርቋል። ቀዝቃዛ ነው። ከጎን ያለው ፎቅም ሥራው ቆሟል፤ እንዲህ ጸጥ ያለ ቀን እዚያ ቤት አላየሁም።

ሽቦውን ፈታሁት። ግራ እጄ ሽቦውን ይዟል፣ ቀኙ በርሜሉ ላይ ነው። እማማ ዘነቡ ስለ ቅዳሜ ጠየቁኝ፤ ጎረቤቶቻቸው ድፍድፋቸውን ደፍድፈው እየጠበቁ ነው። መዋሸት አልፈለግሁም፣ ማሳዘንም አልፈለግሁም። "አምስቱን እንዳልኩት ቅዳሜ አስረክባለሁ" አልኩ። "እንዲጠነቀቁ ደህና አድርጌ እነግራቸዋለሁ።"

ያን ጊዜ አንኳኳ። ሦስት ጊዜ። ከጆሮዬ በፊት በመዳፌ ተሰማኝ።

እጄን አላነሣሁም። ለምን እንዳላነሣሁ አላውቅም። እማማ ዘነቡ በርጩማውን አዩ፣ ከዚያ እኔን።

"እኔን አይደለም" አሉ ቀስ ብለው። "እኔ ምንም አልጣድኩም። አንቺን ነው ይበቃል ያለሽ።"

የበርሜሉን ውስጥ በባትሪ አየሁት። ንጹሕ ነው። በዙሪያው ዞርኩ፣ ግድግዳውን ነካካሁ፣ ውጭ ወጥቼ የፎቁን ግቢ አየሁ። ሰው የለም፤ ዘበኛው በር ላይ ተኝቷል። ቆርቆሮ በፀሐይ ሲሞቅ ድምፅ ያሰማል። አይጥም ይኖራል። እነዚህን ሁሉ ታክሲ ውስጥ ለራሴ ደጋገምኩ፤ አንዳቸውም እስከ ሦስት አይቆጥሩም።

ማሰሪያውን አላወጣሁትም። ሽቦውን ግን ይዤ መጣሁ። እማማ ዘነቡ አልከለከሉኝም፤ በሩ ድረስ ሸኙኝና "እሱ መልሺው ካላለሽ አትመልሺው" አሉኝ።

ዓርብ

አስካለ ደወለች። ከአምስቱ አንዷ ናት፤ ከእማማ ዘነቡ ሁለት ቤት አልፎ ትኖራለች። ጭስ ዓይኗን ጎድቶታል፤ ሐኪም ከእሳት ራቂ ብሏታል።

"ሂሩትዬ፣ ምድጃውን አፈረስኩት እኮ። ድፍድፉ ደርሷል። እንዳታስጠብቂኝ።"

ነገ ነይ አልኳት። ስለ ተቃጠለው አልነገርኳትም።

ኑረዲን ከጁምዓ ሲመለስ ሣልኩለት፦ ፈሳሹ ላይ የሚንሳፈፍ ባዶ ኳስ፣ የሽንት ቤት ውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ እንዳለው ዓይነት። ፈሳሹ ሲወርድ ኳሱ ይወርዳል፣ መብራቱን ይቆርጣል። ድፍድፉ እንዳይዘው ዙሪያውን ወንፊት ያስፈልገዋል። ኑረዲን ወረቀቱን አዟዙሮ አየና አንድ ሳምንት ይፈጃል አለ፤ ኳሱ የማይዝግ ካልሆነ ጌሾው ይበላዋል። አስካለ ሳምንት መቆየት አትችልም፤ ድፍድፉ ይኮመጥጣል፣ ወይ ምድጃዋን መልሳ ትሠራለች።

ለአንድ ቀን ብቻ፣ እኔ አጠገቧ ቆሜ ባወጣላትስ? ለአስካለ ይሆናል። ሌሎቹም ቅዳሜ ነው የሚያወጡት፤ እኔ አንድ ነኝ።

"አንተ ብትሆን ትሰጣለህ?" አልኩት።

"ውኃ የሚያፈሉ ቢሆኑ እንኳ እንዲሁ አልሰጥም" አለ። ወረቀቱን አጠፈና፦ "የአስካለን ዓይን ግን አይቼዋለሁ" አለና ወደ ቶርኖው ተመለሰ።

እማማ ዘነቡን ይበቃል የሚላቸው አለ። የአስካለ ባል በሕይወት አለ፤ ሹፌር ነው፣ ቀን ቤት ስለማይውል የሚያንኳኳላት የለም።

ሱቁን ከመዝጋቴ በፊት የሞከርንበትን በርሜል በጣቴ አንጓ ሦስት ጊዜ መታሁት። ባዶ ነውና ጮኸ። ድምፁ እስኪጠፋ ቆምኩ፤ ከጠፋ በኋላም መልስ ይኖር እንደሆነ አዳመጥኩ።

አምስቱ ማሰሪያዎች ያሉበት ካርቶን ጠረጴዛው ላይ ነው፣ አላሸግኩትም። ሴቶቹ ነገ ጠዋት አብረው ይመጣሉ።