ረመዳን ማለቁን ያልሰማ ውሻ

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ፣ ለእናቴ ልጅ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ሰውነትህ እንዴት ነው? የጂዳ ሙቀትስ እንዴት ይዞሃል? ባለቤትህ፣ ልጆቹ ሁሉ ሰላም ናቸው? ይህን የምጠይቅህ ወግ ሆኖብኝ ነው እንጂ ደህና መሆንህንስ ወደ ጂዳ የምትመለሰው ሒክማ ስልኳ ላይ አሳይታኛለች፤ ወፍረሃል፣ አላህ ይጨምርልህ። ስደውል ስለማታነሳ ይህን ወረቀት በእሷ እጅ ልኬልሃለሁ። ወረቀት ኔትወርክ የለም አይልም።

እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ያጣሁት እንቅልፍ ብቻ ነው። እንቅልፍ የነሳኝም ውሻ ነው፣ የልጄ የሐምዳን ውሻ፣ አያገባህ የምንለው። ስሙን ያወጣለት ራሱ ሐምዳን ነው፤ ለሰፈሩ ወሬኛ መልስ ይሁን ብሎ። ልጄ በረመዳን ለሱሑር ሲነሳ የተረፈውን ከበር ውጭ ያበላው እንደነበር ታውቃለህ። ዘንድሮ የሸዕባን ወር ሊያልቅ ሲል ያንተ ደላላ ሐምዳንን ወደ አንተ ሊያሻግር በባቲ በኩል ይዞት ሄደ፤ ረመዳኑን ሙሉ በልጄ ፋንታ እኔ እየተነሳሁ አበላሁት። ጾሙ አለቀ፣ ዒድ ሰገድን፣ ለውሻው ግን ማን ይንገረው? ይኸው እስከ ዛሬ ከሱብሂ አዛን በፊት የቆርቆሮ በሬን በጥፍሩ ይቧጥጣል። ካልወጣሁለት አይተወኝም።

መጀመሪያ ሰፈሩ ሁሉ ተነሳብኝ። የጓሮ ጎረቤታችን ተሻለች፣ ውሻችሁ ከእናንተ በላይ ጾመኛ ነው፣ እኔን ክርስቲያኗን ሱሑር አስነሳኝ እያለች ትስቅብኝ ነበር። ሙዘይን ግን አልሳቀም። ሐይቁ ላይ መረቡን ሲጎትት አምሽቶ የሚተኛ ሰው ነው፤ ወይ እሰሪው ወይ መርዝ አበላዋለሁ ብሎ በሰው ፊት ፎከረብኝ። እኔም አፌን አልያዝኩም፤ መታሰር ካለበት ሐምዳን መጥቶ ይሰረው አልኩት።

አንተ ይቧጥጣል ስልህ ቀላል ይመስልህ ይሆናል። አገርህን ካልረሳኸው፣ ጎህ ሳይቀድ በር የሚመታ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ታውቃለህ። አባታችን አሰብ ለሥራ ሄዶ የቀረ ጊዜ ሽማግሌዎቹ መርዶውን ያረዱን በዚያ ሰዓት ነበር፤ አንተ እኔ ጉያ ውስጥ ተኝተህ ነበር። ስለዚህ ውሻው በሩን በቧጠጠ ቁጥር መጡ ብዬ ነው የምነሳው። ሻሼን አስሬ፣ ልቤን ይዤ እከፍታለሁ። ውሻ ነው። አልሐምዱሊላህ እላለሁ፣ ወዲያው ደግሞ እናደዳለሁ፣ ነገም እንደዚያው።

ያንተንም ወሬ ላስታውስህ። መጀመሪያ ባሕሩን ተሻገረ አልከኝ። ሐይቅ ዳር ያደገን ልጅ ውሃ ምን ያደርገዋል ብዬ አመንኩህ። ቀጥለህ ተራራ ላይ ፍየል ይጠብቃል፣ እዚያ ስልክ አይሠራም አልክ። ከዚያ ታስሯል፣ ይፈታል አልክ። ከዚያ ወዲያ ስልክህን ማንሳቱን ተውከው። ምናለ ዋሽተህም ቢሆን በአንዱ ብትጸና።

አብሮት የወጣው የሙዘይን ልጅ አሕመዲን ተመለሰ። እንኳን ለቤትህ አበቃህ ልለው ብሄድ ጉልበቴ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። ልጄን የት ተውከው ብዬ ብጠይቀው፣ አጎቱን ጠይቂው አለኝ። እናቱ ኑርሀያት ደክሞታል ብላ ወደ ጓዳ አስገባችው። ያ ልጅ ከመጣ ወዲህ ሐይቁ ዳር ወርዶ አያውቅም፤ አባቱ መረቡን ብቻውን ይጎትታል።

በማግስቱ ውሻው እንደ ልማዱ ሰፈሩን አስነሳ። ሙዘይን ሊጮህብኝ ነው ብዬ ስጠብቅ ሁለት ቆሮሶ ዓሣ አንጠልጥሎ መጣ። አንዱን ለውሻው ወረወረለት፣ ሌላውን ዓይኔን ሳያይ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። ተሻለችም ከዚያ ቀን ጀምሮ ስቃብኝ አታውቅም። አሁን ውሻው በሩን ሲቧጥጥ የሚቆጣ የለም። ወንድሜ፣ እኔ የልጄ ነገር የገባኝ ሰው ውሻዬን መስደብ ሲተው ነው።

እነሱን አልቀየምኩም። የሥጋ ዘመድ ሳይፈቅድ ማን ደፍሮ ይናገራል? እኔ እስክመጣ አንዳችሁም እንዳትነግሯት ብለህ አደራ ጥለህባቸዋል። አገር ያወቀውን እኔ ብቻ ሳላውቅ እንድዞር ፈረድክብኝ። በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩህ ልጅ ነህ፤ አዝኜብሃለሁ።

ልጆቹ በረሃው ላይ ውሃ ጥም ጸንቶባቸው ጾሙን እንዳልጾሙት አሕመዲን ለእናቱ ነግሯታል። እኔም ሄጄ ሸኹን ጠየቅኳቸው። በሕይወት ያለ ሰው ያመለጠውን ጾም ቀዷ ራሱ ነው የሚያወጣው፣ ሌላ ሰው አይጾምለትም አሉኝ። የቀረውን፣ ለሞተ ሰው ግን ዘመዱ እንደሚጾምለት፣ ሳልጠይቃቸው ራሳቸው ነገሩኝ። ከዚያ ወዲህ ውሻው ሲያስነሳኝ ውሃ እጠጣና የጾም ኒያ አደርጋለሁ። የሐምዳንን ጾም ትናንት ጨረስኩለት።

እንግዲህ ሽማግሌ እንዳትልክብኝ። ጁምዓ ከሰላት በኋላ ሙዘይን ድንኳን ይተክልልኛል፤ ለሐምዳን ቁርአን ይቀራለታል። ይህ ወረቀት እጅህ ሲገባ ድንኳኑ ተነቅሎ ይሆናል። አንተ መናገር ያቃተህን እኔ ነገርኩህ።

ለባለቤትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ። በእሷ ቂም የለኝም፤ በአንተም እንዳይኖረኝ ዱዓ እያደረግኩ ነው፣ ገና አልሆነልኝም። አላህ ልጆችህን ያሳድግልህ፣ ከክፉ ይጠብቅልህ። አንተን እነሱ ይቅበሩህ።

እህትህ፣
የሐምዳን እናት