ለሙሉ ዘጠና ደቂቃ ስለተደረገልን የቴሌቪዥን ምርመራ

ለአነስተኛ ንግድ ፈቃድና ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት
ለክቡር ኃላፊው

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ክቡርነትዎ፣ ውድ ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም በኮሪደሩ የተደረደሩት ወንበሮችና በወንበሮቹ ላይ ከእኛ በፊት ጀምረው የሚጠብቁት ባለጉዳዮች ሁሉ በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ በጣም ደህና ነን። እንዲያውም በጽሕፈት ቤትዎ ብርታት ከሚገባው በላይ ተመርምረናል።

እኔ አመልካቿ በአንድ የኤሌክትሮኒክስ መሸጫ ሱቅ ለዓመታት በሻጭነት ያገለገልኩ፣ ባለትዳር፣ መሰላል የማልፈራ ሴት ነኝ። በዚያ ሱቅ ቴሌቪዥን የገዛ ሰው ሁሉ ካርቶኑን አቅፎ ከመውጣቱ በፊት ከበሩ ላይ ዞር ብሎ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፦ «እሺ፣ አሁን ይሄንን ማን ይሰቅልልኛል?» ስሰማው ስሰማው ቆይቼ አንድ ቀን ምሳ ላይ «ለምን እኛ አንሰቅልላቸውም?» ብዬ ባለቤቴን ጠየቅሁት። ባለቤቴ ሬዲዮ ሲጠግን የኖረ፣ የተተበተበ ገመድ ሲያይ ፊቱ የሚበራ ሰው ነው። ብቸኛ ጉድለቱ ከመሰላሉ ሁለተኛ መርገጫ በላይ ሲወጣ ጉልበቱ የሚከዳው መሆኑ ነው። ስለዚህ ሥራውን ተከፋፈልን፦ እኔ እወጣለሁ፣ እበሳለሁ፣ እሰቅላለሁ፤ እሱ ገመድ ይቀጥላል፣ መሰላል ይይዛል፣ ግድግዳቸው ሲበሳ የሚሳቀቁትን ባለቤቶች ያጽናናል። ቴሌቪዥን ልንሰቅል፣ ዲሽ ልንተክል፣ ስፒከርና ካሜራ ያለው የበር ደወል ልንገጥም ተስማምተን፣ እኔም የሱቁን ሥራ ለቅቄ፣ ፈቃድ ለማውጣት ወደ እናንተ መጣን። ከዚያ በኋላ ስለተደረገልን እንክብካቤ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ ቅሬታ አድርጎ የሚያነበው ሰው ቢገኝ ጥፋቱ የአንባቢው ነው።

አንደኛ፦ በመስኮት ያስተናገዱን ባለሙያ ማመልከቻችንን በጥሞና አንብበው «ዲሽ መትከልና ማስተካከል» ከሚለው ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው፣ ዲሻችን ስንት ሰው እንደሚያበላ ጠየቁን። ባለቤቴ በየዋህነት «እንደየቤቱ ነው፤ አንዱን ዲሽ ለሦስት ጎረቤት የሚያካፍሉም አሉ» ብሎ መለሰ። በዚህም መሠረት በምግብ ዝግጅት ዘርፍ ተመዝግበን፣ ወጥ ቤት እንደሚገባ ሰው ለጤና ምርመራ ተላክን። አንዳንድ ምስጋና ቢስ ሰዎች ይህንን ስሕተት ይሉታል። እኔ ግን ባለቤቴ የአንጀት ትል እንዳለበት የታወቀው በዚሁ ምክንያት ስለሆነ እስከ ዕለተ ሞቴ ውለታችሁን አልረሳም። መድኃኒቱን ከወሰደ ወዲህ ክብደት ጨምሯል፤ አሁን መሰላል ሲይዝ መሰላሉ ንቅንቅ አይልም።

ሁለተኛ፦ ጉዳያችን ከወጥ ቤት ወደ ጣሪያ ከተመለሰ በኋላ መርማሪዎ ወደ ቤታችን መጡ። እኒህ መርማሪ «ደረጃውን የጠበቀ» የሚለው ቃል ከአፋቸው ስለማይጠፋ፣ አብራን የምትኖረው አማቴ በገቡበት ቅጽበት «ጋሽ ደረጃ» የሚል ስም አውጥታላቸዋለች፤ እኔም ለማክበር ያህል በዚሁ እጠራቸዋለሁ። ጋሽ ደረጃ ደረጃውን የጠበቀ የደንበኞች ማረፊያ አዳራሽ እንደሚያስፈልገን ገለጹልን። ሥራችን ሰው ቤት ሄዶ መግጠም መሆኑን፣ ግድግዳውን ነቅሎ ተሸክሞ ወደ እኛ የሚመጣ ደንበኛ እንደማንጠብቅ ብናስረዳም፣ መመሪያ መመሪያ ነውና ሳሎናችን አዳራሽ ሆነ። የምግብ ጠረጴዛው ወደ መኝታ ቤት ገባ፤ ቁም ሳጥኑ ወደ መተላለፊያው ወጣ፤ እኔና ባለቤቴም ወደ መኝታችን በጎን መግባት ለመድን። በሶፋው ላይ «ከደንበኛ በቀር መቀመጥ ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። አማቴ በዚያ ሶፋ ላይ ልጅ ያሳደገች ሴት ናት። ወረቀቱን ደጋግማ አነበበች፣ ትንሽ አሰበች፣ ከዚያም አንድ የበር ደወል እንድንገጥምላት አዘዘችንና እንደ ደንበኛ ተደላድላ ተቀመጠች። የመጀመሪያ ደንበኛችንን ያስገኘልን ጽሕፈት ቤትዎ ነው ማለት ነው፤ እግዜር ይስጥልን።

ሦስተኛውን ባለቤቴ ስለለመነኝ ትቼዋለሁ። ከመሰላል ጋር የተያያዘ ነው፤ ጋሽ ደረጃም አይተዋል፤ ይበቃል።

አራተኛ፦ «የሥራችሁን ናሙና አሳዩ» ስለተባልን ከአዳራሹ ግድግዳ ላይ አንድ ትልቅ ቴሌቪዥን ሰቀልን። ቀጥ ያለ፣ ገመዱ የማይታይ፣ እኔ ራሴ ቆሜ እያየሁ የምኮራበት ሥራ ነበር። ጋሽ ደረጃ ቅዳሜ ከሰዓት መጡ። ቀረብ ብለው ዳሰሱት፣ ራቅ ብለው አዩት፣ «እስቲ ምስሉን ልየው» ብለው ሪሞቱን ተቀበሉ። ኳስ ጨዋታ ነበር። «ቆሞ የሚታይ ነገር አይደለም» ብለው ተቀመጡ። አጋማሽ ላይ ባለቤቴ ምርመራው አልቆ እንደሆነ በትሕትና ሲጠይቃቸው «ብልሽት እኮ ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ነው የሚመጣው፣ ወንድሜ» አሉት። ባለሙያ ናቸውና አልተከራከርንም።

በሳምንቱ የመዝገብ ቤቱን ሠራተኛ ይዘው መጡ፤ በቀጣዩ ሳምንት ሾፌሩም ተጨመረ፤ ሾፌሩ የድምፅ ባለሙያ መሆኑ ተነገረን። ሻይ እየቀዳን፣ ጎል በገባ ቁጥር የተደፋውን እየወለወልን፣ ውጤቱን ጠበቅን። በመጨረሻም የምርመራ ሪፖርቱ ደረሰን፤ ቃል በቃል እነሆ፦ «ምስል፣ ጥሩ። ድምፅ፣ ጥሩ። ዳኝነት፣ ደረጃውን ያልጠበቀ። ዳኝነቱ እስኪስተካከል ፈቃዱ እንዲዘገይ።» ክቡር ሆይ፣ ባለቤቴ ሪሲቨሩን ፈታትቶ ዳኝነት የሚባለውን ዕቃ ሲፈልግ ቀኑን ሙሉ ዋለ። ሳያገኘው ሲቀር መልሶ ገጠመውና ራሱን ይዞ ተቀመጠ።

እዚህ ላይ ለጥቂት መስመሮች ቀልዱን ትቼ እንድናገር ይፈቀድልኝ። በዚያው ሰሞን አንዲት የእንግዳ ማረፊያ ያላት ሴትዮ፣ ለሕንጻዋ ክፍሎች በሙሉ ቴሌቪዥን እንድንገጥምላት ጠይቃን ነበር። እንዲህ ያለ ሥራ ለጀማሪ በሕልምም አይመጣም። ነገር ግን ፈቃድ ትፈልጋለች፤ ልክም ናት። ዛሬ ነገ ስንላት ቆይተን፣ በመጨረሻ ስልክ ደውላ «እህቴ፣ እኔ ወድጄሻለሁ፤ ግን እስከ ሰኞ ፈቃዱን ካላሳየሽኝ ለሌላ መስጠቴ ነው» አለችኝ። በማግስቱ በቀድሞው ሱቄ በኩል ሳልፍ በቦታዬ አንዲት ልጅ ቆማለች፤ የእኔን ሰማያዊ ጋዋን እጅጌውን ጠቅልላ ለብሳዋለች። ተመለሺ ብባል እንኳ የምመለስበት ቦታ አልነበረም። ቤት ስገባ ባለቤቴን የድሮውን የሬዲዮ መጠገኛ ሳጥን ከአልጋ ሥር አውጥቶ አቧራውን ሲጠርግ አገኘሁት።

አምስተኛ፦ ሰኞ ከመድረሱ በፊት እሑድ ደረሰ። ጋሽ ደረጃ የተለመደውን ቡድናቸውን አስከትለው፣ በተጨማሪም «ከፍተኛ ባለሙያ» ያሏቸውን አንድ ሹራብ የለበሱ ጨዋ ሰው ይዘው መጡ። ከፍተኛ ባለሙያው ጫማቸውን አወለቁ፣ ትራስ ጠየቁ፣ የሶፋውን ጥግ ያዙ። ፊታቸውን የት እንደማውቀው ሳሰላስል ቆይቼ፣ በጽሕፈት ቤትዎ መግቢያ ከተሰቀለው ፎቶግራፍ ላይ መሆኑ ትዝ አለኝ። አዎን ክቡር ሆይ፣ ያው እርስዎ ነበሩ። ከእንዲህ ያለ ከፍተኛ ሥልጣን እስከ እኛ ሶፋ ድረስ ወርዶ ሕዝብን ማገልገል የሚችል ኃላፊ የት ይገኛል?

የቀረውን ክቡርነትዎ ያስታውሱታል፤ ያልነበሩ አንባቢዎች እንዲያውቁት ያህል ብቻ እጽፈዋለሁ። ጨዋታው በእኩል ውጤት አለቀ፤ ተጨማሪው ሰዓትም አልለያቸውም፤ ፍጹም ቅጣት ምት ሆነ። የመጨረሻውን ኳስ ሊመታ ተጫዋቹ ሲንደረደር፣ አማቴ ብድግ ብላ ሪሞቱን አነሳችና ቴሌቪዥኑን አጠፋችው። ሪሞቱን ከሽርጧ ኪስ ከታ፣ እርስዎን ከነመፈጠርዎም ሳታውቅ እንዲህ አለችዎ፦

«ልጄ፣ ይሄ ቤት ፈቃድ የለውም። ፈቃድ የሌለው ቤት ደግሞ አገልግሎት አይሰጥም ብለው ጋሽ ደረጃ ራሳቸው ነግረውናል። ሕግ ነው፤ ምን ላድርግህ?»

ጋሽ ደረጃ ወደ እርስዎ አዩ። እርስዎ ወደ ጠቆረው ቴሌቪዥን አዩ። «እማማ፣ ባይሆን ይቺን አንዷን ምት ብቻ» ብለው ቢለምኑም እርሷ «ሰኞ በሥራ ሰዓት ይመለሱ» ብላ መለሰችልዎ። ያን ጊዜ ነው የጽሕፈት ቤቱ ማኅተም ከሹራብዎ ኪስ የወጣው። ለወራት «ማኅተም ያዡ ፊልድ ናቸው» ስንባል የኖርነው ለካ እውነት ኖሯል! የማኅተሙ ቀለም ደርቆ ቢያስቸግርም ባለቤቴ ከወጥ ቤት ግማሽ ቀይ ሥር ይዞ ሮጠ፤ ፈቃዳችንም በሶፋው መደገፊያ ላይ፣ በቀይ ሥር ውኃ፣ ደረጃውን በጠበቀ ሁኔታ ታተመ። አማቴ ማኅተሙን እፍ ብላ አደረቀችና ቴሌቪዥኑን መልሳ ከፈተች። አንዱ ወገን እያለቀሰ፣ ሌላው እየተቃቀፈ ነበር፤ ማን ማን እንደሆነ ሳንለይ የሳሙና ማስታወቂያ ገባ። ክቡርነትዎ ያን ጊዜ ወደ እኔ ያዩት አስተያየት አንጀቴን በላው፤ ነገር ግን እኛ የምንገጥመው ቴሌቪዥኑን እንጂ ውጤቱን አይደለም።

ሰኞ ጠዋት ፈቃዱን ለሴትዮዋ ወሰድኩላት። አገላብጣ አየችው፣ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው፣ «ይሄ ነገር ሰላጣ ሰላጣ አይልም?» አለችና ሳቀች፤ የክፍሎቹን ቁልፎች በሙሉ ከነቀለበታቸው አስረከበችኝ። ባለቤቴ መሰላሉን ይዞ ውጭ ይጠብቅ ነበር። ቁልፎቹ ሲንቃጨሉ ሲሰማ መሰላሉን መሬት አስተኝቶ አቀፈኝ፤ በመንገድ ላይ አቅፎኝ የማያውቅ ሰው ነው። ዛሬ ይህንን የምጽፍልዎ ከእንግዳ ማረፊያው የመጀመሪያ ፎቅ ሆኜ፣ በካርቶን ላይ ተቀምጬ ነው። ከጎኔ ያለው ክፍል ዛሬ ማታ ሰው ይገባበታል፤ ቴሌቪዥኑም ቀጥ ብሎ ተሰቅሏል።

ስለ ትዕግሥትዎ፣ ስለ ባለሙያዎችዎ ብዛት፣ ስለ ባለቤቴም አንጀት ደግሜ ደጋግሜ እያመሰገንኩ፣ ሥልጣንዎ ከወንበርዎ፣ ወንበርዎም ከእርስዎ ሳይለይ ረጅም ዕድሜ እንዲኖሩ የምመኝ፣

ምንጊዜም ትሑት አገልጋይዎና በሕግ የታወቀች ግድግዳ በሺ፣
የቤት ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ ገጣሚዋ

ማስታወሻ፦ ይህንን ደብዳቤ በአደባባይ ማውጣቴ ክቡርነትዎን ለማሳፈር አይደለም። በጽሕፈት ቤትዎ ደጃፍ በተሰቀለው የአስተያየት መስጫ ሳጥን ውስጥ ልጨምረው መጥቼ፣ ከላይ ከታች፣ ከግራ ከቀኝ ባየው ምንም ቀዳዳ የለውም። የጥበቃ ሠራተኛውን ብጠይቃቸው «ቀዳዳማ ከተደረገለት ሰው ወረቀት ይከትበታል» ብለው አስረዱኝ። በነጻ ልበሳልዎ ፈቃደኛ ነኝ፤ ሳጥኑ ያለ ሐሳብ አርፎ የሚተኛበትን ቀን ብቻ ይንገሩኝ።