ነፋሱ ሳይነሳ

ውድ ሰብለ ወንጌል፣

ቅዳሜ እንደምትመጪ ስሰማ ሱቁን ለልጄ ለተቅዋ ትቼ ወደ ሐይቁ ዳር ወረድሁ። ጣናን ለእንግዳ ላሰናዳው የሄድሁ ነው የምመስል!

የምትሠሪበት ባንክ ለዝውውር ከአዳማና ከባሕር ዳር ምረጪ ብሎሽ፣ ሰኞ መልስ ትሰጫለሽ። እኔም ሁለት ቀን ብቻ አለኝ ማለት ነው። ባለፈው ለስብሰባ መጥተሽ ያልሽውን አልረሳሁም። ከሆቴል ምሳሽን በልተሽ፣ ከሰዓት በኋላ ጀልባ ተሳፍረሽ፣ ማዕበሉ ሲያንገላታሽ ውሎ ስትወርጂ፣ «ጀሊላ፣ ሁለተኛ እዚህ አገር አልመለስም!» አልሽኝ። እዚሁ ተወልደሽ እንደ እንግዳ ተሳሳትሽ። አባትሽ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ወደ ኮምቦልቻ ሲዛወሩ ገና ልጅ ስለነበርሽ አልፈርድብሽም፤ የሐይቁ ጠባይ ጠፍቶብሻል።

ስለዚህ ልምከርሽ። ጣና የጧት ነው። ጀልባ ነጂውን መልካሙን ዛሬ አነጋግሬዋለሁ።

«እታለም፣ ነፋሱ ሳይነሳ ነው የሚኬድ» አለኝ። «ከምሳ በኋላ ንጉሥም ቢመጣ አልወስድም።»

እሑድ ማልደን ስንወጣ ውኃው ረግቶ፣ የሻላ ወፎቹ ተኮልኩለው፣ የደንገል ታንኳዎቹ ዓሣቸውን ይዘው ሲመለሱ ታያለሽ። እንዴት ያምራል መሰለሽ! ዘጌ ስትወርጂ ነጠላሽን አትርሺ። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ሴት ይገባል፤ ክብራን ገብርኤል ግን ስለማይገባ በከንቱ አንደክምም። አንቺ ተሳልመሽ እስክትወጪ እኔ ከቡናው ጥላ ሥር እጠብቅሻለሁ። ያንን ባለ ተረከዝ ጫማሽንም እዚያው ቤትሽ ተይው፤ ዘጌ ሰርግ ቤት አይደለም።

ቅዳሜ እንደደረስሽ ግን አመሻሹ ላይ በዛዊት ኮረብታ እንወጣለን። ዓባይ ያን ሁሉ አገር ሊያቋርጥ ከሐይቁ ሲወጣ ምንም እንዳልሆነ ሰው ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። ዕድሜዬን ሙሉ እዚህ ኖሬ፣ እዚያ ስቆም ዛሬም አፌ ይዘጋል። የእኔን አፍ የሚዘጋ ነገር እንደሌለ አንቺ ታውቂያለሽ። እሑድ ከዘጌ መልስ፣ መንገዱን አስቀድሜ ጠይቄ ጢስ ዓባይ እወስድሻለሁ፤ ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለሆነ ውኃው ሙሉ ነው። ፀጉርሽን ተሠርተሽ እንዳትመጪ፣ ርጭቱ አይምረውም።

ዓሣ ግን ከሆቴል እንዳትበዪ! በዓል ሲመጣ የእናንተ በግ ለብቻ፣ የእኛ በግ ለብቻ እየታረደ፣ እኔና አንቺ ከአጥሩ ወዲህና ወዲያ ቆመን እየተያየን ስንበላ ትዝ ይልሻል? ዓሣ የመጣ ዕለት ግን ክርስቲያን እስላም የለም፤ ማን አረደው የሚል የለማ። እናትሽ ቆሮሶ ዓሣውን ይጠብሳሉ፣ እናቴ ዳጣውን ይዛ ትመጣለች፣ ሁላችን ከአንድ ትሪ። ልትሄዱ በተነሳችሁበት ጧትም ዓሣ ነበር። አንቺ አልቅሰሽ አልበላም አልሽ። እናትሽ እትዬ ፅጌ ማርያም፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ «ተያት ጀሊላዬ፤ ድርሻዋን አስቀምጭላት፣ ተመልሳ ትበላዋለች» አሉኝ። እሺ አልኋቸው።

ባለፈው ስትመጪ ቤቴ ሳትደርሺ ተመለስሽ። ያ ነው የከፋኝ፤ ማዕበሉማ ያልፋል።

ስለ ባንኩ ትንፍሽ አልልም ብዬ ነበር፤ አልቻልሁም። ከአጥራችን ማዶ ያለውን የድሮ ቤታችሁን ተከራዩ ለቀቀው። ባለቤቱን «እስከ ሰኞ ለማንም እንዳትሰጥ» ብዬ ቁልፉን ይዤዋለሁ። አዳማን ብትመርጪም አልቀየምሽም። አይ፣ ውሸቴን ነው፤ እቀየምሻለሁ። ያም ሆኖ ቆሮሶሽን ሳትበዪ አለቅሽም።

ቅዳሜ ከመናኸሪያው፣ ቁልፉን ይዤ፣ ኢንሻአላህ።

ድርሻሽን ያስቀመጠችልሽ
ጀሊላ